የልጄ ቁመት በክር

የቀናሁበት ሰው የአራት ዓመት ልጅ ነው። ትልቅ ሰው በሕፃን ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ ይቀናል። እኔ ቀንቻለሁ፤ ያውም ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መሪ እንደያዝኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጄኔቭ ከአገር ቤት ለተላኩ አንድ ሹም ሾፌር ነበርኩ። ሹሙን ጓድ ነበር የምንላቸው፤ እዚህም ጓድ ብዬ አልፋለሁ። ባለቤታቸውን እትዬ እላቸው ነበር። ቤታቸው ግራንድ ሳኮኔ የሚባል ሰፈር ነው፤ የኔ ክፍል ሰርቬት ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ። እሳቸው ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ይዘው መጡ። እኔ ሚስቴንና ልጄን አዲስ አበባ ትቼ መጣሁ። ሾፌር ቤተሰቡን ይዞ አይወጣም ነበር። ቤተሰቡ እዚያ ካለ እሱ እዚህ አይቀርም ብለው ነው። አልተሳሳቱም።

የጓድ ልጅና የኔ ልጅ እኩያ ናቸው። በአንድ ወር ነው የተወለዱት፤ እሱ ወንድ፣ የኔዋ ሴት።

ልጁ ደረቱ ላይ የሚያፏጭ ነገር ነበረበት። ስለዚህ በየጊዜው እሱንና እትዬን ሐኪም ዘንድ አደርሳለሁ። ሐኪሟ ሽበታም ሴት ናት፤ የልጆች ብቻ ሐኪም፣ አዋቂ አታይም። ልጁ ደረጃ መውጣት ስለሚጠላ አቅፌው እስከ ውስጥ እገባለሁ። ማረፊያ ክፍሉ ያሉት ወንበሮች ለልጅ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ እኔ ስቀመጥባቸው ጉልበቴ አገጬን ይነካል። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ዓሣ ይዋኛል። ወረፋው ሁለት ልጅ ነው፤ በዛ ከተባለ ሦስት።

ግድግዳው ላይ ቀጭኔ ተለጥፏል። አንገቱ ላይ ቁጥር አለው። ሐኪሟ ልጁን ጫማውን ታስወልቀውና ከቀጭኔው አጠገብ ታቆመዋለች። ቁመቱን ታይና ደብተር ላይ ነጥብ ታደርጋለች፤ ነጥቡን ካለፈው ነጥብ ጋር በመስመር ታያይዘዋለች። መስመሩ ሽቅብ ይሄዳል። እትዬም ያንን መስመር አይተው ፈገግ ይላሉ።

አንዳንድ ቀን ልጁ ምንም አላመመውም እኮ! ደህና ልጅ ይዘን ነው የምንሄደው፤ ለመለካት ብቻ። ይሄ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

የኔዋ ሁለት ዓመት ሲሆናት ሳንባዋን ታማ አዲስ አበባ የሕፃናት ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር። ዶሮ ሲጮህ ወጥተን የደረሰን ተራ ከምሳ በኋላ ነው። ግቢው እናት በእናት ነው፤ ሣሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ ከአጥሩ ውጭ። ለዚያ ሁሉ ሕፃን ሁለት ሐኪም ነበር። ለኛ የደረሰን አንደኛው፣ ልጅቷን ከመንካቱ በፊት ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ አሞቀ። ከዚያ ነካት። አላለቀሰችም። ያንን ሰው አልረሳሁትም።

ጄኔቭ እንደ ገባሁ ሚስቴ ክር ላከችልኝ። በኛ ልማድ ሩቅ ላለ ሰው ለልጅ ልብስ ግዛ ሲባል ቁጥር አይላክም፤ ክር ነው የሚላከው። ልጁን ታቆምና ከአናቱ እስከ ተረከዙ ትለካለህ። ትከሻው ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ወገቡ ላይ አንድ ቋጠሮ ታደርጋለህ። ቀይ የሱፍ ክር ነበር። ክሩን ይዤ ሄጄ ቀሚስ ገዛሁ፤ ልክክ አለላት ብላ ጻፈችልኝ። እሷ አትጽፍም፤ የጎረቤት ተማሪ ነው የሚጽፍላት። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አንድ ደብዳቤ አንብቤ እስክጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

በዚያው ዓመት፣ ያ እጁን የሚያሞቀው ሐኪም ለስብሰባ ጄኔቭ መጣ። ሦስት ቀን እኔ ነኝ ያመላለስኩት። አላወቀኝም፤ በምን ያውቀኛል? መመለሻው ቀን ሆቴሉ በር ላይ ሞተር አስነስቼ ጠበቅሁት። አልወረደም። ሻንጣው ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ እሱ የለም። ጓድ አፈጠጡብኝ።

«እያየኸው አመለጠህ!»

«ጓድ፣ እኔ ሾፌር ነኝ፤ በሩን እንጂ መስኮቱን አልጠበቅሁም» አልኩ። ይሄ አፌ ነው ወር ሙሉ ዕረፍት ያስከለከለኝ።

ጥቂት ቆይቶ የሚስቴ ደብዳቤ መጣ። «ልጅቷን ትንሽ ከብዷት ወስጃት ነበር። ያ ደግ ሐኪም የለም አሉ፤ የቀረው አንድ ነው። ተራ ሳይደርሰን ተመለስን። አሁን ደህና ናት፣ አታስብ» ይላል። እንግዲህ ቅናቴ ሁለት ሆነ። አንዱ በልጁ፣ አንዱ በሐኪሙ። የልጄን ተራ ይዞ ጠፋ፤ እሱ ተገላገለ፤ እኔ መሪ ይዤ ቀረሁ።

ዓመቱ ሲዞር ሁለተኛው ክር መጣ። የመጀመሪያውን ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጬው ስለነበር አውጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። እኩል ናቸው። የጥፍር ያህል እንኳ አይበላለጡም።

ተናደድኩ። ያምናውን ልክ መልሳ ነው የላከችው አልኩ። ባለፈው ሳምንት የጓድ ልጅ ቀጭኔው አጠገብ ሲቆም አራት ጣት አድጎ አይቼዋለሁ። እሱ አራት ጣት ሲያድግ የኔ ልጅ ባለችበት ትቆማለች? አይሆንም! ክሩን ጣልኩና ልጁን ከትምህርት ቤት ስመልሰው ሱቅ አስገባሁት። ቀሚሱን ጀርባው ላይ ለካሁ።

«ጋሼ፣ ኖን! እኔ ሴት ነኝ አይደለም!»

«ዝም በል፤ ትከሻህን ብቻ አውሰኝ።»

«ለማማ እናገራለሁ።»

«ቸኮላት አለ።»

«እሺ፣ ቶሎ በል።»

ቀሚሱን በሱ ልክ ገዝቼ ላክሁ። ለሚስቴም ደረቅ ደብዳቤ ጻፍኩ። «መለካት ሰነፍሽ ወይ? የላክሽው ያምናውን ነው» አልኳት።

መልሱ መጣ። «ቀሚሱ ስለረዘመባት ሁለት ጊዜ አጥፌ ሰፋሁት። ልጅህን የለካኋት እኔው ራሴ ነኝ፤ ማርያምን። ደህና ናት። እንደ ድሮዋ አታስቸግርም፤ አስቀምጠሃት ብትሄድ እዚያው ነው የምታገኛት። ጎረቤቱ ሁሉ ጨዋ ይላታል። ብርድ ስለማትችል ሹራብ ላክላት።» ፎቶግራፍም ነበረው። ፊቷ ሞላ ብሏል። ወፍራለች ብዬ ደስ አለኝ።

እውነቱን ልናገር። ያንን ደብዳቤ ይዤ መጀመሪያ ያደረግሁት እትዬ ፊት መኮራት ነው። ልጃቸው መኪናው ውስጥ ወንበር እየረገጠ ሲጮህ፣ «የኔዋ እንዲህ አይደለችም። አታለቅስም፣ ካልቀሰቀሷት አትነሳም። ጨዋ ናት» አልኳቸው።

«ታድለሃል!» አሉ እትዬ ከልባቸው። «እኔን ይሄ ልጅ ሊገድለኝ ነው።»

በኔ ቀኑ። ሰርቬት እስክደርስ አፏጨሁ።

ክፍሌ ገብቼ ግን «ማርያምን» የሚለው ቃል አላስተኛ አለኝ። ሚስቴ ትደብቃለች። በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ አይነገርም ብላ ስንት ነገር ደብቃብኛለች። በማርያም ምላ ግን አትዋሽም። እንግዲያው ክሩ ትክክል ነው። ትክክል ከሆነ ልጄ ዓመት ሙሉ አላደገችም።

ማንን ልጠይቅ? የቀጭኔዋን ሐኪም ለመጠየቅ ቋንቋ የለኝም፤ እትዬ ምላስ ይሁኑኝ ብል ትናንት የኮራሁባቸው ሴት ናቸው። ልቤ እምቢ አለኝ። ኮርናቫን ጣቢያ ባቡር የሚያጥብ አንድ ያገሬ ሰው ነበር፤ ስለ ጠፋው ሐኪም ሹክ ብሎኝ ያውቃል። «ሽሊረን ነው ያለው፣ ዙሪክ አጠገብ። ላገር ውስጥ ካርቶን ይደረድራል።» ላገር የሚሉት መጋዘኑን ነው። ከኮበለለ ሰው ጋር መታየት ለኔ እንጀራ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ሚስቴና ልጄ እዚያ ናቸው። ቢሆንም አንድ ቅዳሜ ክሮቹን፣ ደብዳቤዎቹንና ፎቶግራፉን በፌስታል ይዤ ባቡር ተሳፈርኩ።

በሰባት ሰዓት ከመጋዘኑ በር ወጣ፤ ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ፣ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ። ሲያየኝ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልትወስደኝ ነው የመጣኸው?»

«መኪናዋ እስካሁን ሆቴሉ በር ላይ ናት ዶክተር። ሞተሯን አላጠፋሁም።»

ሳቀ። ክፍሉ ወሰደኝና ሻይ አፈላ። እኔ ግን ነገሬን ሳልወጣ ሻይ አልጠጣም።

«የኛን ልጆች ትተው ካርቶን ያስታምማሉ?»

«ካርቶን እጄ ላይ አይሞትም» አለ።

ፌስታሌን አየና «ምን ይዘህ መጣህ?» አለኝ።

ሁለቱን ክር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ምን እንደሆኑ ስነግረው ወንበሩን ሳበ። በመዳፉ አስተካከላቸው፤ ጫፍና ጫፋቸውን በጣቱ ዳሰሰ።

«በመሃላቸው ስንት ጊዜ አለ?»

«ዓመት።»

«በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በዓመት አራት ጣት ያህል ያድጋል። ሆዷ ይደርቃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ድምጿ ጎርንኗል?»

«ዶክተር፣ ልጄን ካየኋት ቆይቷል። ያለኝ ይሄው ነው።»

ደብዳቤዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አነበበ፤ እኔ ሳምንት የሚፈጅብኝን እሱ ሻዩ ሳይበርድ ጨረሰ። በዚህም ቀናሁ። «እናቷ በልጅቷ ያማረረችበት የመጨረሻው ደብዳቤ የትኛው ነው?» አለ። ፈለግን። ሰሃን ሰበረች፣ የጎረቤት ዶሮ አባረረች የሚለው ሁሉ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጨዋ ናት፣ ትተኛለች፣ ይበርዳታል ብቻ ነው። ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብዙ አየው።

«ውፍረት አይደለም ወንድሜ» አለኝ። «እብጠት ነው። አንገት ላይ አንዲት እጢ አለች፤ እሷ ስትሰንፍ ልጅ ማደግ ያቆማል፣ ይተኛል፣ ይበርደዋል። እንደሱ ይመስለኛል። ከሆነ በቀን አንዲት ትንሽ ክኒን ነው መድኃኒቱ። ግን በክር ሐኪም አይኮንም፤ ደሟ መታየት አለበት። ቶሎ።»

እኔ አባቷ ነኝ። ክሮቹ እኔ እጅ ነበሩ። ደብዳቤው ለኔ ነው የተጻፈው። ጨዋነቷን የኮራሁበት፣ እብጠቷን ውፍረት ያልኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሰው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ያያትን ልጅ፣ ካርቶን ሲደረድር ውሎ በክር አወቃት። እንደዚያች ሰዓት በሰው ቀንቼ አላውቅም።

አዲስ አበባ የቀረው ሐኪም ጓደኛው ነው። «በኔ እጅ ጽሑፍ ደብዳቤ ከደረሰው ግን መዘዝ ነው። አንተ ጻፍ» አለኝ።

«በኔ እጅ ከተጻፈ ከማን እንደሆነ በምን ያውቃል?»

አሰበና፣ «እጁን ብብቱ ውስጥ የሚያሞቀው ሰው ሰላም ይልሃል ብለህ ጀምር» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። ያን ጊዜ ነው ልጄን እንዳከማት የነገርኩት። አላስታወሳትም። «በቀን ስንቱን አይ ነበር መሰለህ?» አለ። እሱ እየነገረኝ እኔ ስጽፍ ሻዩ ሦስት ጊዜ በረደ። በመሃል፣ «ያቺ የጄኔቯ ሐኪም፣ ስንት ልጅ ነው የሚጠብቃት?» አለኝ።

«ሁለት። ቢበዛ ሦስት።»

«ለአንዱ ልጅ ስንት ጊዜ ትሰጣለች?»

«እትዬ ስለ አየሩ ሁሉ አውርተው ይወጣሉ።»

«ሚዛኑስ? ምን ዓይነት ነው?»

ሚዛኑን ነገርኩት፤ ቀጭኔውን ነገርኩት፤ ዓሣውን፣ ደብተሩን ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰማኝ። የሱ ወረቀት እዚህ አገር አልሠራለትም፤ እንደ ገና ተማር ብለውታል። ፊቱን ሳይ አወቅሁት፤ እዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ስቀመጥ የኔ ፊት እንደዚያው ነው።

እትዬ ለክረምት አገር ቤት ሊሄዱ ነበር። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደብዳቤውን ሰጠኋቸውና ነገሩን ነገርኳቸው። ከማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

«ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?»

«ጨዋ ናት ብዬ ነግሬዎት ነበር።»

ደብዳቤውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። አዲስ አበባ እንደ ገቡ ራሳቸው ሚስቴንና ልጄን በመኪና ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሚስቴ ያስጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ከተራው ሁሉ አልፈን ገባን። ሣሩ ላይ ያሉት እናቶች አዩኝ። አንዷ ልጇን እንዳዘለች፣ አንቺስ ሰው አለሽ አለችኝ።»

የዚያችን ሴት ዓይን እኔ አውቀዋለሁ። የኔው ዓይን ነው። ልጄን ግን ወደ ሰልፉ መልሼ አላቆማትም ነበር፤ ይህንንም አልዋሽም።

ደሟ ታየ። የሽሊረኑ ሰው አልተሳሳተም። ክኒኑ ግን አንድ ወር ይገኛል፣ ሁለት ወር ይጠፋል አሉ። እትዬ የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ሲመለሱ ቀጥታ ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ልጃቸውን ቤት ትተውት። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያች ትንሽ ወንበር ላይ እንደ አባት ተቀመጥኩ፤ ልጅ ግን አልያዝኩም።

እትዬ ያስረዳሉ፤ ሐኪሟ ትሰማለች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ክሮቹን ሰጠኋት። ወደ ቀጭኔው ሄደች፤ አንዱን ጫፍ ወለሉ ላይ በጫማዋ ረገጠች፣ ሌላውን ሽቅብ ወጠረች። ልጄ እዚያ ግድግዳ ላይ ቆመች። የጓድ ልጅ በሚቆምበት ቦታ። አዲስ ደብተር አውጥታ ሁለት ነጥብ አደረገች፤ መስመር አሰመረች። መስመሩ አልወጣም። እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ተኛ። ዞር አልኩና ዓሣውን አየሁ።

የመድኃኒቱን ወረቀት ጻፈችልኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ የኔ ክኒን ነበረ።

ሦስተኛው ክር የመጣው በዓመቱ ነው። ፖስታው ውስጥ መጀመሪያ ያገኘሁት ደብዳቤውን ነው። «ልጅህ አስመረረችኝ» ይላል። «የቤት ኪራይ የሚሰበስበውን ሰውዬ በድንጋይ ፈነከተችው። እንስራዬን ሰበረች። ጎረቤት ሁሉ አቤት አለ። መጥተህ ልጅህን ያዝ!» ሰርቬት አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እልል አልኩ። የታችኛው ጎረቤት ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ይደብድብ!

ክሩን ዘረጋሁ። ከሁለተኛው አምስት ጣት ከግማሽ ይበልጣል።

ቅዳሜ ሽሊረን ሄድኩ። ሐኪሙ ካፖርቱን ሳያወልቅ ክሩን ተቀበለኝ። በጣቱ ለካው፤ መልሶ ለካው። ደብዳቤውን አንብቦ እንስራው ላይ ሲደርስ ሳቁ አፈነው። ከዚያ ክሩን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ያዘና፣ «ይህችን ለኔ ተዋት» አለ።

«ለምን?»

«ከመጣሁ ወዲህ ያከምኩት ልጅ እሷን ብቻ ነው።»

መስጠት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ነገር ግን የልጄ ቁመት ሰው ጣት ላይ ተጠቅልሎ ሳየው ያ ነገር ደረቴ ውስጥ ተነሳ። የሐኪሟ ግድግዳ ቀጭኔ አለው፣ የጓድ ቤት ልጅ አለው፤ እኔ ያለኝ ክር ነው።

«ካርቶን የሚያስሩበት ሲባጎ የለዎትም? በሱ ልክ እቆርጥልዎታለሁ» አልኩት።

«ቀናተኛ ነህ።»

«ነኝ።»

ሲባጎ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ከክሩ ጎን ዘርግቼ ለካሁ፤ ትከሻዋ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ወገቧ ላይ አንድ ቋጠሮ አድርጌ ቆረጥኩለት። ወስዶ ከአልጋው በላይ ሚስማር ላይ አንጠለጠለው፤ ጫፉ ትራሱን ነካ።

አራተኛው ክር ሲመጣ ሦስተኛውን ወስጄ ሰጠሁት። አራተኛውን አልሰጠሁም።